መልስ፦ የቴክሳሱ አቦት ቫውቸር ለኛ ይሆናል?

ወንድሜ፣ «ግሬግ አቦት የፐብሊክ ስኩል ጠላት ነው ወይስ ወዳጅ? ብሩስ ለኛ ይደርሳል?» ላልከው፣ የዚህ የቴክሳስ ገዥ ዋና ጉዳይ ቫውቸር ነው፣ ማለትም ልጅ በግል ትምህርት ቤት ወይም ቤት እንዲማር ከመንግሥት የሚሰጥ ገንዘብ። በ2023 መጨረሻ የራሱ ሪፐብሊካን ፓርቲ 21 የቴክሳስ ምክር ቤት ተወካዮች ከዴሞክራቶች ጋር ሆነው ሐሳቡን ጣሉበት፤ ብዙዎቹ የገጠር ሰዎች ናቸው፣ እዚያ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ዋና ቀጣሪ ነው። ዝም አላለም። በ2024 የፓርቲው ቅድመ ምርጫ ተፎካካሪዎቻቸውን ደግፎ ብዙዎቹን ከወንበር አስነሳቸው፣ በሜይ 2025ም ሕጉን ፈረመ።

የቫውቸሩ በጀት ለመጀመሪያው ዙር 1 ቢሊዮን ዶላር ነው። ለግል ትምህርት ቤት በዓመት ወደ 10 ሺህ፣ ቤት ለሚማር እስከ 2 ሺህ። ግን ልብ በል፦ የግሉ ትምህርት ቤት ልጅህን የመቀበል ግዴታ የለበትም፣ ክፍያው ከበለጠም ልዩነቱ ከኪስህ ነው።

ለፐብሊክ ስኩልም በዚያው ዓመት 8.5 ቢሊዮን ገደማ ተጨምሯል፣ ትልቁ ድርሻ ለደሞዝ። ከ2019 ጀምሮ 6,160 ላይ ቆሞ የነበረው የአንድ ተማሪ መነሻ በጀት ግን የጨመረው 55 ዶላር ብቻ ነው፣ በዚህ ኑሮ ውድነት! ስለዚህ ወዳጅ ለማለት አፌ አይደፍርም።

ልጅህ ልዩ ድጋፍ የሚፈልግ ከሆነ እስከ 30 ሺህ ሊያገኝ ይችላል፣ ወደ ግል ሲዛወር ግን በፌዴራል ሕግ የነበረው መብት አብሮት አይሄድም፣ ይሄን ሳትጠይቅ እንዳትፈርም።