በዘይት ስለተቀመጠው የተጠበሰ ቃሪያ

እህቴ፣ የፈረንጅ ቃሪያ በምጣድ ጠብሰሽ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ዘይት ውስጥ ከተሽ፣ «ደሴ ብርድ ነው» ብለሽ ከፍሪጅ ውጭ አስቀመጥሽው። በ5ኛው ቀን አረፋ ሲያወጣ ዘይቱን ቀይሬ ልብላው ወይ ብለሽ ጠየቅሽ። አትብዪው፤ በጣትሽ ጫፍም አትቅመሺው። ከነጠርሙሱ በፌስታል አስረሽ ልጆችም እንስሳትም በማይደርሱበት ጣዪው።

ዘይት ከሻጋታ ስለሚከላከል ሁሉንም ነገር የሚያቆይ ይመስላል። ነገር ግን አየር ስለሚዘጋ፣ ያለ አየር ለሚራባውና ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ መርዝ ለሚያመነጨው ባክቴሪያ ይመቸዋል። ዘሩ አፈር ውስጥ ይኖራል፤ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከአፈር የሚወጣ ነው። መርዙ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል፤ ስለዚህ አረፋ ባያወጣም ኖሮ መልሴ ያው ነበር። ከቤት የቀመሰ ሰው ካለና ዕይታው ለሁለት ከተከፈለበት፣ ምላሱ ከተያዘ ወይም መዋጥ ካቃተው ሳታመነቱ ሆስፒታል ውሰዱት።

«አፍልቼ አስቀምጠዋለሁ» የምትሉም አላችሁ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ እኛ ኮምቦልቻ ቆላ ብንልም ከ94 ብዙ አያልፍም። ያ ዘር እንዲሞት ግን 121 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ በተራ ድስት አይገኝም። የደሴ ብርድም ቢሆን ፍሪጅን አይተካም፤ ፍሪጁ ከ4 ዲግሪ በታች መሆን አለበት።

አብሽሪ፣ መፍትሔው አቼቶ ነው። ኮምጣጣነቱ ባክቴሪያውን እንዳይራባ ያደርገዋል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ፈልጊ፤ ያልተጻፈበትን ወይም ተቀጥኖ የሚሸጠውን ተዪው። ለ1 ኪሎ ቃሪያ 260 ሚሊ ሊትር አቼቶ፣ 130 የሎሚ ጭማቂ፣ 130 ዘይት እለካለሁ። ዘይቱ ከኮምጣጣው በጣም ያነሰ ነው፤ ይህን መገልበጥ የለብሽም። ጨው፣ ትንሽ ጦስኝና ሁለት ፍሬ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ጨምረሽ አንድ ጊዜ አፍዪና ቃሪያው ላይ ትኩሱን አፍስሺ። ቃሪያው በሙሉ መሸፈን አለበት። ሲበርድ ወዲያው ፍሪጅ፤ ከሁለት ሳምንት በላይ አላቆየውም። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ከአራት ሰዓት በላይ ከቆመ እኔ አልጠራጠርም፣ እደፋዋለሁ። ዋጋው ያሳዝናል፣ ግን ልጅ ያለበት ቤት ነው።

ልጣጩ አልነሳ ያለሽ በምጣዱ ምክንያት ነው። ምጣድ ቃሪያውን የሚነካው በጥቂት ቦታ ብቻ ስለሆነ ቆዳው ሳይቃጠል ሥጋው ይበስላል። የከሰል ምድጃ ላይ፣ ፍሙ በደንብ ሲቀላ ቃሪያውን በሽቦ ላይ ደርድሪና ሁሉም ጎኑ ጥቁር እስኪሆን አገላብጪ። አትፍሪ፣ የሚከስለው ቆዳው ብቻ ነው። ከዚያ ድስት ውስጥ ከድነሽ አሥር ደቂቃ ተዪው፤ የራሱ እንፋሎት ቆዳውን ያላቅቃል። በውሃ አትጠቢው፣ የጭሱ መዓዛና ጣፋጩ ጭማቂ አብሮ ይሄዳል፤ በእጅሽ ወይም በቢላ ጀርባ ፋቂው።

ገበያ ስትወጪ ሥጋው ወፍራም፣ ቀጥ ያለና ክብደት ያለው ምረጪ፤ ጎድጓዳው ብዙ ከሆነ እሳቱ እኩል አያገኘውም። ቀዩ ይሻላል፤ አረንጓዴው ያው ፍሬ ሳይበስል የተቀጠፈ ስለሆነ ቀዩ ይጣፍጣል። የአገራችን ቀጭን ቃሪያም ይሆናል፣ ልጣጩ ግን ያስቸግራል። የሚያቃጥለው በብዛት ነጩ ጅማት ላይ ስላለ እሱን አውጪ። እጅሽን ካቃጠለሽ ውሃ ብቻውን አያጠፋውም፤ መጀመሪያ ዘይት ቀቢ፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቢ።

ለጾም ከሽሮ ጋር፣ ለፊጥራ ከሳምቡሳ ጎን ግሩም ነው። አቼቶ የማይወዱ ቤት ውስጥ ካሉ ደግሞ ልጠሽ ያለ ዘይት በትንንሽ ፌስታል እያደረግሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። ወራት ይቆያል፤ የፈለግሽውን ያህል ብቻ አውጥተሽ ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥና በዘይትና በነጭ ሽንኩርት የዚያኑ ቀን ትበዪዋለሽ።