ለፓይሬት ጨዋታ ኪት አትግዢ፣ አዳራሽም አትከራዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን አየሁት። የአምስትና የስምንት ዓመት ልጆች አሉሽ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ የሰመር ካምፑ ዋጋ ደግሞ የሚቀመስ አይደለም። ልጆቹ «ፓይሬት፣ ፓይሬት» እያሉ፣ የባሕር ወንበዴ ጨዋታ ካልተጫወትን ብለው መውጫ መግቢያ አሳጥተውሻል። «ቀላል የእጅ ሥራ ጠቁሙኝ፤ ጓደኞቻቸውንስ የት ብሰበስብ ይሻላል?» ብለሻል። እኔም እዚሁ ቨርጂኒያ ነኝ። የጀመርኩት ልጆቼ በዚሁ ዕድሜ ሳሉ ነው። ዛሬ ሰመር ሲመጣ የዘመዱም የጎረቤቱም ልጅ የሚውለው እኛ ቤት ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ፤ ከወጪም ከንዴትም ትድኛለሽ።

አንደኛ፣ በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠውን ኪት አትግዢ። የዓይን መሸፈኛው ላስቲክ በመጀመሪያው ቀን ይበጠሳል፤ የፕላስቲክ መንጠቆው ማታ ቆሻሻ ውስጥ ነው። ልጅ የሚንከባከበው በገዛ እጁ የሠራውን ነው። ከዛሬ ጀምሮ የሶፍትና የኪችን ወረቀት ቱቦ፣ የጫማ ካርቶን፣ የእንቁላል ካርቶን፣ የወይን ጠርሙስ ቡሽ አትጣዪ። የወይን ቡሽ ከሌለሽ ጎረቤት ጠይቂ፤ ሁሌም አንድ የሚያጠራቅም ሰው አይጠፋም። ከዚያ ውጭ ኮላ፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ ፎይልና ጥቁር ቀለም ካለሽ በቂ ነው።

ሁለተኛ፣ ከካርታው ጀምሪ። ብዙ ሰው ከባርኔጣው ይጀምርና ልጆቹ ባርኔጣውን አድርገው ሲሯሯጡ ሌላው ሥራ ሁሉ ይቀራል። ካርታ ግን ያስቀምጣቸዋል። ተራ ነጭ ወረቀት ስጫቸው። ጠርዙን በመቀስ ሳይሆን በጣታቸው እየቆነጠሩ ይቅደዱት። ከዚያ ጨምድደው መልሰው ይዘርጉት። ቀጥሎ ወረቀቱን ያረጀ ለማስመሰል ቡና ነው። ፈረንጆቹ ለዚህ ሥራ ብለው ሻይ ያፈላሉ፤ እኛ ቤት በረካው ከተጠጣ በኋላ ጀበናው ውስጥ የሚቀረው ይበቃል። ሲቀዘቅዝ ትንሽ ውኃ ጨምረሽ ዝርግ የኦቭን መጥበሻ ላይ አፍሽው። ወረቀቱን እዚያ ላይ ያስተኙት። አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ይነሣ።

አተላው ወረቀቱ ላይ ተጣብቆ ሲወጣ እንዳትጠርጊው። ልጆቹ «ቆሸሸ» ይላሉ፤ ተያቸው። ሲደርቅ በጣት ይረግፋል፤ እያንዳንዷ ፍሬ ከነበረችበት ሥር ጠቆር ያለች ነጥብ ትቀራለች። ጭምድዱ የሰበረው መስመር ሁሉ ቡናውን አብዝቶ ስለሚጠጣ ቀጫጭን ቡናማ ደም ሥር ይወጣለታል። አንዷ የእህቴ ልጅ ያን እያየች «ይሄ ወንዝ ነው፣ ይሄ መንገድ ነው» ብላ ካርታውን ራሱ ወረቀቱ አስጀመራት። ለማድረቅ የሐምሌ ፀሐይ ባልኮኒ ላይ ይበቃል። ከቸኮልሽ ኦቭኑን 200 ፋራናይት ላይ አድርጊና ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፤ አንቺ ግን ከበሩ ላይ አትነሺ። ጠርዙን በላይተር ማቃጠል የሚሉሽን አትስሚ። በእጅ የተቀደደው ጠርዝ ቡና ሲነካው የተቃጠለ ይመስላል።

ማርከር የሚነካው ከደረቀ በኋላ ብቻ ነው። በፊት ከሣሉበት ይፈስሳል፤ ሥራቸው ሲበላሽ ደግሞ ለቅሶው አያድርስ ነው። በሰም ከለር ከሆነ ግን አስቀድመው ይሣሉ፤ ሰሙ ቡናውን አያስገባም። ሀብቱ ያለበትን ቦታ በድብቅ ማመልከት ከፈለግሽ ሎሚ ጭመቂ። በጆሮ ጥጥ ነክረው ወረቀት ላይ ይጻፉና ይድረቅ፤ ምንም አይታይም። አንቺ በጋለ ካውያ ስትተኩሺው ጽሑፉ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። የሎሚው ጭማቂ ከወረቀቱ ቀድሞ በሙቀት ስለሚጠቁር ነው። ስምንት ዓመቱ ይህን እስኪጠግብ ደጋግሞ ይጠይቅሻል።

ሦስተኛ፣ መነጽሩ። አንድ ቱቦ ላይ ቀለም ቀብቶ «ቴሌስኮፕ» ማለት ትንሹን ያስደስት ይሆናል። ለትልቁ ግን የሚሳብ ሥሪለት። ሁለት ቱቦ ውሰጂ። አንዱን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቂውና ጠርዙን ደራርበሽ በፕላስተር ያዢው፤ ይቀጥናል። ከዚያ ሌላኛው ውስጥ ይገባል፤ ይወጣል። በቃ።

ሳንቲሙም ቀላል ነው። ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ አንድ ኩባያ ገደማ ውኃ። ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሪ፤ ሊጡ እጅ መያዙን ሲተው ይበቃዋል። በጠርሙስ ክዳን እየቆረጡ በሹካ ምልክት ያድርጉበት። 250 ፋራናይት ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ቀስ ብሎ ይደርቃል። ቀዝቅዞ ይቀባል። ውሻ ካላችሁ ግን አርቂው፤ ጨው የበዛበት ሊጥ ለውሻ አደገኛ ነው። ሳንቲሙን ስትሠሩ ስለ እስፓኒሽ ብር ንገሪያቸው። አንዱ ብር ስምንት ሪያል ስለነበር ሰዎች ቆራርጠው መልስ ይሰጡበት ነበር። እዚህ አሜሪካ እስከ እ.ኤ.አ. 1857 ድረስ ሕጋዊ ገንዘብ ነበር። ልጆቼ ያን ከሰሙ በኋላ ሊጡን እንደ ድፎ ዳቦ ስምንት ቦታ እየቆረጡ ሲካፈሉ ዋሉ። ሒሳቡንም ሳላስተምራቸው ያዙት።

አሁን ወደ ቦታው ልምጣ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው።

እባክሽ አዳራሽ አትከራዪ። እኔ ቤቴ ጠባብ ነው ብዬ፣ ልጆቹም በዝተው ስለነበር፣ በአካባቢያችን ያለ አንድ የማኅበረሰብ ማዕከል ክፍል ጠየቅሁ። በስልክ «150 ዶላር ዲፖዚት ታስይዣለሽ፣ ክፍሉን እንዳገኘሽው ካስረከብሽ ይመለሳል» አሉኝ። ከኪራዩ ሌላ ማለት ነው። እሺ ብዬ ከፈልኩ። በቀኑ ስንገባ ወለሉ ላይ ግሊተር የሚሉት ብልጭልጭ ዱቄት ተበትኗል። ከእኛ በፊት የሰው ልደት ነበር። እኔ በባሕርዬ ነገር አላሳልፍም፤ ወዲያው ስልኬን አውጥቼ ማዕዘን ማዕዘኑን ፎቶ አነሣሁ። ልጆቹ ካርታቸውን ሠሩ፣ ጀልባቸውን ሠሩ። እኛ ያመጣነው ቡና፣ ካርቶንና ቀለም ነው፤ ብልጭልጭ የሚባል ነገር አልነበረንም። ስንወጣ ከመግባታችን በፊት ከነበረው አጽድተን ወጣን። አብረውኝ የነበሩት እናቶች ምስክር ናቸው።

ዲፖዚቱ ሳይመለስ ቀረ። ልጠይቅ ሄድኩ። ከዴስኩ ጀርባ ያለችው ሴትዮ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሣ «ግሊተር ተገኝቷል፤ የጽዳት ክፍያ ነው» አለችኝ። ፎቶ አለኝ አልኳት። «ይቅርታ፣ አልሰማሁሽም» አለች። ደገምኩላት። አሁንም «ይቅርታ?» በዚህ አገር ስንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስብሰባ መርቻለሁ፤ እንግሊዝኛዬን ሰው ሁሉ ይሰማል። ሦስተኛ ስናገር ሴትዮዋ ከእኔ ላይ ዞር ብላ አጠገቤ የቆመችውን ልጄን «እናትሽ ምን እያለች ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ፊቷ ቀላ፤ እኔን አየች፣ ሴትዮዋን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ «እናቴ ፎቶ አለኝ ነው ያለችሽ፤ የተናገረችውም በእንግሊዝኛ ነው» አለቻት። በልጄ የኮራሁትን ያህል በሴትዮዋ ተቃጥያለሁ። ልጅን በእናቷ ፊት አስተርጓሚ ማድረግ፣ ያውም ለማያስፈልግ ነገር፣ የሚረሳ አይደለም።

ኃላፊው እረፍት ላይ ናቸው ተባለ። ኢሜይል ጻፊ ተባለ። ጻፍኩ። ፎቶዎቹን ሰዓታቸው እንደሚታይ አድርጌ፣ የገባንበትን ሰዓት ከኪራይ ውሉ ጋር አያይዤ ላክሁ። መልስ የለም። ደግሜ ላክሁ። በመጨረሻ 100 ዶላሩን መለሱ። 50ው «የአስተዳደር ወጪ» ተብሎ ቀረ። ምን እንዳስተዳደሩ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። የግድ መከራየት ካለብሽ በሩን ከፍተሽ ከመግባትሽ በፊት ፎቶ አንሺ፤ ስትወጪም አንሺ፤ ዲፖዚት የሚቆረጥበትን ምክንያት በጽሑፍ ተቀበዪ። ያንን 100 ዶላር ያስመለሰልኝ ፎቶው ብቻ ነው።

የተሻለው ፓርክ ነው። በሥራ ቀን ጠዋት ጣሪያ ያለው የፒክኒክ ቦታ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። መጀመሪያ ግን የተለጠፈውን ሰሌዳ አንብቢ፤ በቦታ ማስያዣ ብቻ የሚሰጥም አለ። ጠረጴዛው ቢፈስበት የሚቆጣ የለም፣ ውኃም ቅርብ ነው። ለጀልባ ደግሞ ከዚያ የሚሻል የለም።

ጀልባው እንዲህ ነው። ሦስት ቡሽ ጎን ለጎን በላስቲክ እሰሪ። መሐሉ ላይ ስቴኪኒ ሰክተሽ የወረቀት ሸራ አድርጊለት። ሸራው ረዘም ካለ ይገለበጣል፤ ይህን አንቺ አትንገሪያቸው፣ ራሳቸው ይዩት። ሲገለበጥ «ከሥሩ ምን ቢጨመር ይቆማል?» ብለሽ ጠይቂ። ከሥሩ አንድ ሳንቲም በፕላስተር ሲለጥፉ ይቆማል። እኛ ልጆች ሳለን ሐምሌ ዝናብ አባርቶ ቦዩ ሲሞላ የደብተር ወረቀት አጥፈን ጀልባ እንለቅ ነበር፤ ወረቀቱ ሁለት በር ሳይደርስ ይርሳል። የቡሹ ግን ቀኑን ሙሉ ይንሳፈፋል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስጠንቅቅሽ። አያት ቤት ውስጥ ካሉ ጥያቄ ይመጣብሻል። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሳለች ይህን ስታይ «ልጆቹን ውንብድና ልታስተምሪያቸው ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ወንበዴ ወንበዴ ነው። እኔ ታሪኩን ሳላሳምር እነግራቸዋለሁ። ብላክቢርድ የሚሉት የባሕር ወንበዴ እ.ኤ.አ. በ1718 ነው የተገደለው፣ ኖርዝ ካሮላይና ኦክራኮክ አጠገብ። ወታደሮቹን የላከው የዚሁ የቨርጂኒያ ገዢ ነበር። ጭንቅላቱ ተቆርጦ መርከብ ፊት ላይ ተሰቅሎ ነው ወደዚህ የመጣው። ትልቁ መርከቡ ከእሱ እጅ ከመግባቱ በፊት የፈረንሳዮች የባሪያ መርከብ ነበር። የመርከቡ ስብርባሪ እ.ኤ.አ. በ1996 እዚያው ኖርዝ ካሮላይና ቦፎርት አጠገብ ተገኘ፤ ከውስጡ የወጡት ዕቃዎች እዚያው ከተማ ሙዚየም ውስጥ ይታያሉ። የጭንቅላቱን መቆረጥ ለአምስት ዓመቱ አትንገሪው። ለስምንቱ ግን ስለ ባሪያ መርከቡ ንገሪው፤ ይገባዋል።

ለእናቴ ያሳየኋት ሌላው ነገር የወንበዴዎቹን ሕግ ነው። ባርቶሎሜው ሮበርትስ የሚባለው ሌላ የባሕር ወንበዴ ሰዎች የጽሑፍ ሕግ ነበራቸው። በገንዘብ ቁማር ክልክል ነው። ሁሉም በጉዳይ ላይ ድምፅ አለው። መብራት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ይጠፋል። እናቴ ይቺን ስትሰማ ሳቀች። እኔም የተረፈውን የቡና ወረቀት አወጣሁና ልጆቹን የራሳቸውን ሕግ አጻፍኳቸው። «የተገኘው እኩል ይካፈላል። ትንሹ አይገፋም። መብራት 2 ሰዓት ይጠፋል» ብለው ፈረሙ። ፍሪጁ ላይ ለጠፍነው። የመኝታ ሰዓት ጭቅጭቅ በዚያ ሰመር ቀነሰ፤ «ሕጉ ላይ ፈርመሃል» ማለት ብቻ ነው። እናቴም ጥለቱ ያለበትን አሮጌ ነጠላዋን በቁመቱ ቀዳ ለሁሉም መቀነት አደረገችላቸው። ከሱቅ የሚገዛው ቀይ ጨርቅ አጠገቡ አይደርስም።

ሰይፍ አትሥሩ። ሌላው ሁሉ ይሠራል፣ ሰይፍ ግን ይቅር። የካርቶን ሰይፍ ጫፉ ዓይን ይነካል፤ ያውም አንድ ዓይናቸውን ሸፍነው ነው የሚጫወቱት። ደግሞ እዚህ አገር ልጅ መሣሪያ የሚመስል ነገር ቦርሳው ውስጥ ረስቶ ትምህርት ቤት ቢገባ ጣጣው ብዙ ነው። በፋንታው ባንዲራ ይሥሩ። ጥቁር ያረጀ ቲሸርት ቆርጠሽ ስጫቸው፤ ምልክቱን ራሳቸው ይፍጠሩ። የራስ ቅል መሆን የለበትም። የእኛ ባንዲራ ላይ ያለው ጀበና ነው።

የዓይን መሸፈኛውን ደግሞ ከጥቁር ካርቶን ቁረጪው። ላስቲክ ካጠረ ስለሚጠብቅ በክር እሰሪው፤ ሲሮጡ ወደ ግንባር ከፍ ይደረግ። ለአምስት ዓመቱ ጫፉ ድፍን የሆነ መቀስ ግዢለት፤ ቱቦውን የምትሰነጥቂው ግን አንቺ ነሽ። ቀለሙን ስትገዢ በውኃ የሚለቅ መሆኑን ጠርሙሱ ላይ አንብቢ። አክሪሊክ የሚል ከሆነ መልሺው፤ ልብስ ላይ ከደረቀ አይለቅም። ቡናው ለነገ የሚያስፈልግሽ ከሆነ ዛሬ ማታ ጀበናውን ሳታጥቢ አሳድሪው።