ታፔላ ማምረቻ በድራፍተርነት ልትቀጠር ለጠየቅከው

ወንድሜ፣ «ግራፊክስ እችላለሁ፣ ታፔላ ማምረቻ ቤት ቴክኒካል ስዕል እንድሠራ ሊቀጥሩኝ ነው፣ ምን ልወቅ?» ብለሃል። እኔም የገባሁት ልክ እንዳንተ ነው። ሶፍትዌሩን ተወው፣ ታውቀዋለህ። የተቃጠልኩበትን ልንገርህ።

1. ፎንቱን ወደ ከርቭ (ፊደሉን ወደ ተራ የመስመር ቅርጽ) ሳትቀይር ፋይል እንዳትልክ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሌላ ፊደል ሆኖ ይከፈትልሃል።

2. ዲኤክስኤፍ (ለመቁረጫ ማሽን የሚላከው የስዕል ፋይል) ስትልክ በሚሊሜትር መሆኑን ጻፍ። በኢንች ከተከፈተ 25.4 እጥፍ ያብጣል። እሱስ ወዲያው ይታያል፤ ጉድ የሚሠራህ ትንሹ ስህተት ነው።

3. ክፍተት ይኑረው! 3 ሜትር የሚረዝም የአክሪሊክ (መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ) የታፔላ ፊት ስዬ ነበር። ፍሬሙ ውስጥ ልክክ እንዲል አደረግኩት። ብሎኑ 5 ሚሊሜትር፣ ቀዳዳውም 5። እውነቱን ለመናገር ኮርቼበታለሁ። ጠዋት ተሰቀለ። ከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍበት ሆዱን ነፋ። ሳምንት ሳይሞላው ከየብሎኑ ሥር ተሰነጠቀ። ለካ አክሪሊክ በሙቀት ይረዝማል። 3 ሜትሩ 30 ዲግሪ ሲጨምርበት ከ6 ሚሊሜትር በላይ ይሄዳል። የአሉሚኒየሙ ፍሬም የሚረዝመው የዚያን ሲሶ ያህል ነው። ታዲያ የት ይግባ?

አለቃዬ ሰው ፊት አቁሞ ሰደበኝ፣ ከደመወዜም ቆረጠ። ስዕሉ ላይ «ይመረት» ብሎ የፈረመው ግን ራሱ ነበር! ፊርማውን ሳሳየው «ድራፍተሩ አንተ ነህ» አለኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ የተፈረመበትን ስዕል ኮፒ አስቀምጥ፤ ገንዘቤን ባያስመልስልኝም በሌላ ጊዜ አድኖኛል።

ከሁሉ የባሰው የሌዘር ቆራጩ ነገር ነው። «እኔማ ጠባብ መሆኑን አይቼዋለሁ፤ ድራፍተሩ ያውቃል ብዬ ነው የተውኩት» አይለኝም!

አራተኛው ስለ መብራት ነበር። 60 ዋት በሚል ፓወር ሳፕላይ (ለታፔላው መብራት ኃይል የሚሰጠው ዕቃ) ላይ ከ48 ዋት በላይ አትጫን፣ ይግላል። በቃ።

አሁን ያ ቆራጭ ሳያየው ፋይል አልልክም። ወርጄ ማሽኑ አጠገብ ወረቀቱን እዘረጋለታለሁ። መጀመሪያ ያጉረመርማል። ከዚያ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ ስዕሌን ይቸከችክብኛል። ባለፈው ሳምንት አገላብጦ አይቶ ምንም ሳይነካው መለሰልኝ።