ዳገት ላይ ውሃ የሚጨርስ መኪና

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን ስወጣ የመኪናዬ ሙቀት ይጨምራል፤ የራዲያተሩም ውሃ ይጎድላል። ከሥር ግን ጠብታ አይታይም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን እንዳይከፍቱ አደራ እንላለን፤ በግፊት የታመቀው ፈሳሽ ፊት ያቃጥላል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደሴ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚፈላ፣ የክዳኑ ላስቲክ ደርቆ ግፊት መያዝ ካቃተው ፈሳሹ ዳገት ላይ እየፈላ ይወጣል፤ ስለዚህ ከርካሹ ዕቃ፣ ከክዳኑ፣ ይጀምሩ። ቀጥሎ የቱቦዎቹን መጋጠሚያ ይመልከቱ፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ የደረቀ ቅርፊት ካዩ ፈሳሹ ትኩስ ብረት ላይ እየተነነ፣ መሬት ሳይደርስ የሚያልቀው በዚያ ነው። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ዘይት ካለ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ሆኖ ውሃው ከዘይቱ እንዳይቀላቀል የሚያሽገው ንጣፍ) ሳይበላሽ አልቀረምና፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ወደ ጋራዥ ያስጎትቱት።