የውሻና የድመት አፍ ለምትከፍቱ ወጣት ሐኪሞች

የተከበራችሁ የሙያ ልጆቼ፣

እኔ በ1970ዎቹ ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ስማር የእንስሳ አፍ የሚከፈተው በዋናነት ዕድሜ ለማወቅ ነበር። የበሬው የፊት ጥርስ ስንቱ እንደተለወጠ ቆጥረን ዕድሜውን እንናገራለን፤ ገበያ የወጣው ገበሬም ይህን ከእኛ ባላነሰ ያውቀው ነበር። ሐሳባችን ሁሉ ከብት በሚፈጀው በደስታ በሽታና በከብት ሳምባ በሽታ ላይ ስለነበር ውሻ ወደ ክሊኒክ የሚመጣው በአብዛኛው ለክትባት ነው፤ ድመትማ ጭራሽ አትመጣም ማለት ይቻላል። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ ውሻውን መኪና ላይ ጭኖ መጥቶ «ጥርሱን እጠቡልኝ» የሚል ደንበኛ እየበዛላችሁ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ስለዚሁ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄው ቅን ቢሆንም እንደቀረበ ከተቀበላችሁት ወደ ተሳሳተ ሥራ ይመራችኋልና።

ደንበኛው የሚያየው ቡናማ ቀለሙን፣ የሚያሸተው የአፉን ጠረን ነው። በሽታው ግን ያለው ከድዱ በታች ነው። በጥርስ ላይ በየዕለቱ የሚለጠፈው የባክቴሪያ ስስ ሽፋን ካልተጠረገ በምራቅ ውስጥ ካሉት ማዕድናት የተነሣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠጥራል። ይሁንና ጥርሱን ከመንጋጋ አጥንት ጋር አያይዞ የያዘውን ጅማትና አጥንቱን ራሱን የሚያጠፋው፣ በድዱና በሥሩ መካከል ገብቶ የሚኖረው ባክቴሪያና ሰውነት እርሱን ለመከላከል የሚያስነሣው ቁጣ እንጂ ከላይ የሚታየው ጠጠር አይደለም። ስለዚህ ከላይ ያለውን ብቻ ፈቅፍቆ ጥርስን ማንጣት የሰነጠቀ ግድግዳን ኖራ እንደ መቀባት ነው፤ ጠረኑ ለጊዜው ስለሚቀንስ ባለቤቱ አመስግኖ ይሄዳል፣ አጥንቱ ግን ከሥር መሸርሸሩን ይቀጥላል።

ነቅቶ ያለ እንስሳ ከድዱ በታች ሊጸዳም ሆነ ሊመረመር አይችልም። የአሜሪካ የእንስሳት ሆስፒታሎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የጥርስ ሕክምና መመሪያ ሙሉ ማደንዘዣና የአየር ቧንቧ ቱቦ አስፈላጊ መሆናቸውን በግልጽ አስፍሯል፤ እኔም ከዚህ የሚያንስ ነገር አልመክራችሁም። «ማደንዘዣው ይገድልብኛል» የሚል ባለቤት ይገጥማችኋል። ፍርሃቱን አትናቁበት፤ አደጋው ፈጽሞ የለም ብላችሁም አትዋሹት። ልቡን እንደሰማችሁ፣ ኩላሊቱንና ጉበቱን በደም ምርመራ እንዳያችሁ፣ የደም ሥር መስመር እንደምትከፍቱ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትንፋሹንና የልብ ምቱን ብቻ የሚከታተል ሰው አጠገቡ እንደሚቆም አስረዱት፤ ያስረዳችሁትንም ፈጽሙ። ብዙዎቻችሁ የጋዝ ማደንዘዣ መሣሪያ ስለሌላችሁ በኬታሚንና በዛይላዚን መርፌ እንደምትሠሩ አውቃለሁ። መርፌ ቀላል ማደንዘዣ ነው ብላችሁ ቱቦውን አትተዉ። የጽዳት መሣሪያው ውኃ ይረጫል፣ የጠጠር ፍርፋሪ ይበትናል፤ ፊኛው የተነፋ ቱቦ ጉሮሮ ውስጥ ከሌለ ይህ ሁሉ መንገዱ ወደ ሳንባ ነው። ትንንሽ እንስሳት በዚያው ውኃ ቶሎ ስለሚቀዘቅዙ ከሥራቸው የሚሞቅ ነገር አንጥፉላቸው። የድመትን አፍ ሞላ (ስፕሪንግ) ባለው መክፈቻ ለረጅም ጊዜ በልቅጣችሁ አትያዙ፤ ወደ አንጎልና ወደ ዓይን የሚሄደውን ደም ስለሚያውክ ዕውር ሆነው ወይም መስማት ተስኗቸው የነቁ ድመቶች በሙያው መጽሔቶች ተመዝግበዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በአገራችን ልትዘሉት የማይገባ ጥያቄ አለ። ምራቁን የሚያዝረበርብ፣ የታች መንጋጋው የወደቀ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ ይመጣላችኋል፤ ባለቤቱም አጥንት ጉሮሮው ላይ እንደተሰነቀረበት አምኖ «እባክዎ ያውጡልኝ» ይላችኋል። እጃችሁን ከመክተታችሁ በፊት የእብድ ውሻ በሽታን አስቡ። ክትባቱን፣ የባሕርይ ለውጡን፣ በሌላ እንስሳ መነከሱን ጠይቁ። ቫይረሱ ምልክቱ ከመታየቱ ከቀናት በፊት ጀምሮ በምራቅ ውስጥ ይገኛል። እናንተ ራሳችሁ የቅድመ መከላከያ ክትባቱን ሳትወስዱ የውሻ አፍ ሥራ አትጀምሩ፤ ብትነከሱ ወይም ምራቁ ቁስል ላይ ቢያርፍ ቦታውን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ሂዱ። በዚህ ነገር ጀግንነት የለም።

እንስሳው ከተኛ በኋላ አትቸኩሉ። አዋቂ ውሻ 42፣ አዋቂ ድመት 30 ጥርስ አላት፤ እያንዳንዱን በቁጥሩ መዝግቡ፣ በድዱ ዙሪያም የጥልቀት መለኪያዋን ቀስ አድርጋችሁ አስገቡ። በውሻ እስከ 3 ሚሊሜትር ጥልቀት ጤናማ ሊሆን ይችላል፤ በድመት ግን 1 ሚሊሜትር ካለፈ ተጠራጠሩ። የጥርስ ራጅ መግዣ ገንዘብ ስታገኙ ከሌላው ዕቃ አስቀድሙት። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ሥራ፣ በዓይን ሲታዩ ምንም ጉዳት በሌለባቸው ጥርሶች ላይ ራጁ ሕክምና የሚሻ ነገር ያወጣው በ27.8 በመቶ ውሾችና በ41.7 በመቶ ድመቶች ላይ ነበር። የድመቷ ቁጥር መብለጡ አያስገርምም፤ የድመት ጥርስ ከሥሩ ጀምሮ በገዛ ሰውነቷ ሴሎች እየተበላ የሚጠፋበት በሽታ ስላለ፣ ከላይ ጤነኛ የሚመስለው ጥርስ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለ ጥርስ አይሞላም፣ ይነቀላል። መላ አፏ ቀልቶ የቆሰለባት፣ ምግብ ፊት ቀርባ በሕመም የምትሸሽ ድመት ደግሞ አንቲባዮቲክ እየተደጋገመላት ዓመት ማለፍ የለባትም፤ የጎን ጥርሶቿን በሙሉ፣ አንዳንዴም ሁሉንም መንቀል ለብዙዎቹ እፎይታ ያመጣል። ባለቤቷ «ያለ ጥርስ እንዴት ትበላለች?» ማለቱ አይቀርም። ሕመሙ ከለቀቃት ከበፊቱ ይልቅ ትበላለች።

ከዓይን በታች ያበጠ ውሻ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ የላይኛውን ትልቁን የጎን መቁረጫ ጥርስ ተመልከቱ። ይህ ጥርስ ሦስት ሥር አለው፤ መግሉ የሚመጣው ከታመመው ሥር ስለሆነ እብጠቱን በምላጭ ከፍቶ መግሉን ማፍሰስና አንቲባዮቲክ መስጠት ለጥቂት ሳምንታት ያደርቀዋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ጊዜ መነሻው ከበዓል የተረፈ የበሬ ቅልጥም ነው፤ ውሻው ሲቆረጥመው የጥርሱ ጎን ተሰንጥቆ ይወድቅና ውስጡ ያለው ነርቭ ይጋለጣል። ቀን ቀን የሚታሰረው የግቢ ጠባቂያችን ደግሞ ሰንሰለቱንና የቤቱን ብረት ሲያኝክ የክራንቻው የኋላ ገጽ ተፍቆ ሳስቶ ታገኙታላችሁ፤ በዚያ ጊዜ ከጥርሱ በላይ ሊነገርለት የሚገባው አስተሳሰሩ ነው። ነርቩ የተጋለጠ ጥርስ የሥር ሕክምና ይደረግለታል ወይም ይነቀላል፤ ውሻው እየበላ ነውና ይቆይ የሚባል ነገር የለም፤ ውሻ ሕመሙን ደብቆ ይበላል።

ስትነቅሉ በጉልበት አትታገሉ። ብዙ ሥር ያለውን ጥርስ ሥሮቹን ለያይታችሁ እያንዳንዱን ለብቻው ንቀሉት። በተለይ ትንሽ ውሻ ላይ፣ የታችኛው መንጋጋ አጥንቱ በበሽታ ስለሚሳሳ፣ ጥርስ ሲነቀል አጥንት መስበር ይቻላል። የሥሩን ጫፍ ሳታዩ ወጥቷል ብላችሁ አትጻፉ። አካባቢውን በሊዶኬይን ማደንዘዝ ርካሽ ነው፣ የሚያስፈልገውንም ማደንዘዣ ይቀንሳል፤ ለድመት ግን መጠኑን በክብደቷ በጥንቃቄ አስሉ። ወደ ቤት ሲሄዱ የሕመም ማስታገሻውን እናንተ ስጡ፤ ካልሰጣችሁ ባለቤቱ ከመድኃኒት ቤት ይገዛል። አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመትን ሊገድል ይችላል፤ የሰው አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም የውሻን ሆድና ኩላሊት ይጎዳሉ።

ዋጋ አስቀድማችሁ ስትናገሩ ለጽዳቱ ብቻ አትናገሩ፤ አፉ ከተከፈተ በኋላ የሚነቀል ሊገኝ እንደሚችል ንገሩት፣ ስልኩ ክፍት እንዲሆን ጠይቁት፣ ያላሰበውን ጥርስም ሳትደውሉለት አትንቀሉበት። ስለ ቤት እንክብካቤ የምትነግሩት ጥቂት ነገር ነው፦ በየቀኑ ለስላሳ ቡርሽ ወይም ጣት ላይ የተጠቀለለ ጨርቅ፣ በውጪኛው የጥርስ ገጽ ላይ ብቻ፤ የሰው የጥርስ ሳሙና አይሁን፣ በአንዳንዱ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የውሻን የደም ስኳር በድንገት ያወርዳልና። በጥፍራችሁ ስትጫኑት የማይጎደጉድ ማኘኪያ ለጥርሱ ይከብደዋል፤ ቅልጥምም ከዚያው ወገን ነው። ባለቤቱ በየቀኑ መቦረሽ እንደማይችል በግልጽ ከነገራችሁ አትገሥጹት፤ እውነቱን የሚነግራችሁ ደንበኛ አይጠላም። የሚቀጥለውን ቀጠሮ ከዓመት ወደ ስድስት ወር አምጡለት፣ የዚያንም ወጪ ከአሁኑ አስታውቁት።