«በአዳማ ከተማ ተሸነፈ» ሲባል ያሸነፈው ማን ነው?

ጥያቄው የመጣው ከዚሁ ከአዳማ ነው። ጠያቂው ፍራንኮ አካባቢ ፀጉር ቤት የከፈተ ወጣት ነው። ደብዳቤውን ትንሽ አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ፀጉር ቤቴ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ሁሌ ክፍት ነው። ባለፈው ከሥር በሚያልፈው ጽሑፍ ላይ ‹የሊጉ መሪ በአዳማ ከተማ ተሸነፈ› የሚል ዜና አየን። እኔ ክለባችን አሸነፈ ብዬ መቀሱን አስቀምጬ ተነሣሁ። ወንበሩ ላይ የነበረው ደንበኛ ግን ‹ተረጋጋ፣ ጨዋታው አዳማ ተካሄደ ማለት ነው እንጂ አዳማ አሸነፈ አላለም› አለኝ። አረፍተ ነገሩ የሚለው የትኛውን ነው? ሁለተኛ፣ ታናሽ ወንድሜ ‹አዳማ አሸነፈች› ብሎ ፌስቡክ ላይ ቢጽፍ ጓደኞቹ ሳቁበት። ከተማ በሴት አይደል እንዴ የሚጠራው? ሦስተኛ፣ አዲስ ታፔላ እያሠራሁ ነው። ሠዓሊው ‹የአዳማ ፀጉር ቤት› ብሎ ጽፎታል። እኔ የነገርኩት ‹አዳማ ፀጉር ቤት› ብዬ ነበር። ልዩነት አለው?»

ወንድሜ፣ ሦስቱም ጥያቄዎች ከአንድ ቦታ የሚመጡ ናቸው። ከተማው አዳማ፣ ክለቡ አዳማ፣ ዩኒቨርሲቲው አዳማ፣ ያንተም ቤት አዳማ። ስሙ አንድ ነው፤ ባለቤቶቹ ብዙ ናቸው። አማርኛ ደግሞ እንደ ፈረንጅ ፊደል ለስም ብሎ ትልቅ ፊደል የለውም። ታዲያ የትኛው አዳማ እንደሆነ የምናውቀው በምንድን ነው? ከስሙ በፊትና በኋላ በሚቀጠሉት ትንንሽ ነገሮች ነው። እነሱን ያላየ ሰው ስሙን ብቻ አፍጥጦ ቢያይ ምንም አያገኝም።

ከክርክራችሁ ልጀምር። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የተሳሳተው ዜናውን የጻፈው ሰው ነው።

«በ» ብዙ ሥራ አለባት። ቦታ ታሳያለች፤ «በአዳማ ተወለደ»። መሣሪያ ታሳያለች፤ «በመቀስ ቆረጠ»። ግሡ ተደራጊ ሲሆን ደግሞ አድራጊውን ታሳያለች፤ «በውሻ ተነከሰ»፣ «በፖሊስ ተያዘ»። «ተሸነፈ» ተደራጊ ግሥ ስለሆነ «በ»ን ስንሰማ ጆሯችን አሸናፊውን ይጠብቃል። አንተ የሰማኸው ይህን ነው። ግን «በውሻ ተነከሰ» ሲባል ማንም ሰው ውሻን ቦታ ነው ብሎ አያስብም። አዳማ ግን ቦታም ነው። ስለዚህ ያው «በአዳማ» የሚለው ቃል «በማን?» ለሚለውም «የት?» ለሚለውም መልስ ይሆናል። ደንበኛህ የሰማው ሁለተኛውን ነው።

«ከተማ» የሚለው ቃል ቢጨመርም አላዳነውም። በሌላ ጊዜ ስም ሲያምታታ ከጎኑ «ከተማ»፣ «ክለብ»፣ «ሆስፒታል» ብለን እንለያለን። እዚህ ግን የክለቡ ስም ራሱ «አዳማ ከተማ» ነው። ሐዋሳ ከተማም፣ ባሕር ዳር ከተማም፣ ድሬዳዋ ከተማም እንዲሁ። መለያው ቃል ራሱ የስሙ አካል ሆኖ ቁጭ አለ።

ድሮ ይህ ያን ያህል አያስቸግርም ነበር ብዬ አምናለሁ። ክለብ ሁሉ በየሜዳው ሲጫወት አዳማ ሄዶ የተሸነፈ ቡድን ያሸነፈው አዳማ ነው፤ ቦታውም አሸናፊውም አንድ ነበር። ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ ግን ሁለት ባዕድ ክለቦች እዚህ መጥተው ተጋጥመው ይሄዳሉ። ሐዋሳም እንደዚሁ አስተናግዳለች። አሁን «በአዳማ ተሸነፈ» ብሎ መጻፍ አንባቢን ማደናገር ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቦታውን ለመናገር ከፈለግህ «አዳማ ላይ ተሸነፈ» በል። ክለቡን ከሆነ አረፍተ ነገሩን ገልብጠውና አሸናፊውን ፊት አምጣው፤ «አዳማ ከተማ የሊጉን መሪ አሸነፈ»። እዚህ ማንም አይከራከርም። «ላይ» ግን ሁልጊዜ አያድንም። «አዳማ ላይ ሁለት ግብ አስቆጠረ» ብትል እንደገና ሁለት ትርጉም አመጣህ። ሜዳው አዳማ ይሁን ግቡ የተቆጠረበት ክለብ አዳማ ይሁን አይታወቅም። ግሡን እያየህ መምረጥ ነው።

«ከ»ም ያው ናት። «ከአዳማ ሦስት ነጥብ ይዞ ተመለሰ» ሲባል ከከተማው ነው ወይስ ከክለቡ? ይህንን ጋዜጠኞቻችን ሆን ብለው ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። የሚጽፉት ጨዋታውን ላላየ ሰው ነውና።

ወደ ወንድምህ እንምጣ። ጓደኞቹ በመሳቃቸው ቅር ብሎኛል፤ ያለው ነገር መሠረት አለው። ከተማና አገር በአማርኛ አብዛኛውን ጊዜ በሴት አንቀጽ ይጠራሉ። «አዳማ አደገች»፣ «ሐዋሳ ተዋበች» እንላለን። «ከተማው» የሚልም አለ፣ «ከተማዋ» የሚልም አለ፤ ሁለቱም ይሄዳሉ። «ከተማዋ» ሲባል ግን ትንሽ ፍቅር አለበት። አማርኛ ግዑዝ ነገርን በሴት የሚጠራው ብዙ ጊዜ ሲያቀርበው ወይም ሲያሳንሰው ነው። አንድ ሰው «ቤቷን አሳደስኳት» ካለህ ቤቱን ይወዳታል ማለት ነው።

ክለብ ግን ወንድ ነው። የእንግሊዝ ጨዋታ ስታዩ ምን እንደምትሉ አስታውስ። ሊቨርፑል ከተማ ነው፤ ባርሴሎናም ከተማ ነው። ግን ፀጉር ቤትህ ውስጥ «ሊቨርፑል ተሸነፈች» የሚል ሰው ሰምተህ ታውቃለህ? «ተሸነፈ» ነው። በአንጻሩ ብሔራዊ ቡድን ሲሆን «ብራዚል ተሸነፈች»፣ «ኢትዮጵያ አሸነፈች» እንላለን። እዚያ የምናስበው አገሪቱን ነው። ክለቡ ጋ ስንደርስ «ክለቡ»፣ «ቡድኑ» የሚለው የተዋጠ ቃል ከኋላ ሆኖ ግሡን ይጎትተዋል። የሴቶቹ ቡድን ቢሆንም ያው ነው፤ ያሸነፈው ቡድኑ ነው። ተጫዋቾቹን ካሰብክ «አዳማዎች አሸነፉ» ትላለህ።

ስለዚህ ለኳሱ «አዳማ አሸነፈ» ነው የሚባለው። «አዳማ አሸነፈች» ደግሞ ከተማዋ ራሷ ስትወዳደር ይሆናል፤ በጽዳት በለው፣ በሌላ ነገር።

ይህች የግሥ ጭራ ቀላል እንዳትመስልህ። «ሰላም ጠፋ» ካልክ አገር ታወከ። «ሰላም ጠፋች» ካልክ አንዲት ልጅ እየተፈለገች ነው። አንዲት «ች» ናት ልዩነቱ። ሐዋሳንም እይ። ስሙ የሐይቁም የከተማውም ነው፤ በሲዳምኛ «ሰፊ» ማለት ነው ይባላል። «ሐዋሳ ሞላ» ሲባል ሐይቁ ነው የሚታሰበኝ። «ሐዋሳ በእንግዳ ሞላች» ሲባል ግን ከተማዋ ናት።

ሰውና ተቋም ስም ሲጋሩ ደግሞ ሌላ መለያ አለን፤ አክብሮት። «ምኒልክ ትምህርት ቤት ከፈቱ» ስትል ንጉሡ ናቸው። «ምኒልክ ትምህርት ጀመረ» ስትል ትምህርት ቤቱ ነው። ንጉሡ በ1906 ዓ.ም. አረፉ፤ በስማቸው የሚጠራው ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ግን ዛሬም አሉ። ታዲያ «ምኒልክ ተኝታለች» ሲባል ማንም ግራ አይገባውም። ሆስፒታል ተኝታ እየታከመች ነው ማለት ነው። ለንጉሥ «አንቱ» የሚለው ቋንቋችን ለሕንፃ አይልም፤ ይህ ብቻውን ስንት ውዥንብር እንደሚያስቀር አስበው።

አንድ ሌላ ምሳሌ ልጨምር፣ በጣም ስለምወደው ነው። ሐዋሳ ሐይቁ ዳር የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሪዞርት አለ። ሰዉ ሁሉ «ኃይሌ» ነው የሚለው። አንድ ጓደኛህ «ሐዋሳ ሄጄ ኃይሌ አደርኩ» ካለህ ሪዞርቱ ውስጥ አድሯል። «ኃይሌ ጋ አደርኩ» ካለህ ግን ቆም ብለህ ትጠይቀዋለህ፤ የአትሌቱ እንግዳ ሆኖ ነው የሚመስለው። ሰው ቤት የሚታደረው «ጋ» ተብሎ ነው፣ ሆቴል ግን ያለ «ጋ» ይታደራል። ማንም ይህን ሕግ ትምህርት ቤት አልተማረውም፤ ሁላችንም ግን ሳንስት እንጠቀምበታለን።

ጊዮርጊስ ላይ ደግሞ ሥራውን የምትሠራው «ን» ናት። ሰማዕቱ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ክለቡ አለ፣ ቢራው አለ። «ጊዮርጊስን አሸነፈ» ሲባል ክለቡ ነው። «ጊዮርጊስን ተሳለምኩ» ሲባል ቤተ ክርስቲያን ነው። «ሁለት ጊዮርጊስ ጠጣ» ሲባል ግን «ን» የለችም፤ ቢራ ተቆጥሮ የሚቀርብ ነገር እንጂ አንድ የታወቀ ባለስም አይደለም። ቡናም እንደዚሁ። «ቡና ጠጣ» እና «ቡናን አሸነፈ» የአንድ ቃል ሁለት ኑሮ ናቸው።

አዳማ የሰው ስም እንደሆነስ ታውቃለህ? በምዕራብ አፍሪካ «አዳም» የሚለው ስም «አዳማ» ተብሎ ይወጣል። የጋምቢያው ፕሬዚዳንት አዳማ ባሮው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ በተካሄደው ምርጫ ሲያሸንፉ «አዳማ አሸነፈ» ብሎ በአማርኛ የጻፈ ካለ የኛን ልጆች ማስደንገጡ አይቀርም። ስፔናዊው ተጫዋች አዳማ ትራኦሬም አለ። «አዳማ ገባ» ስትሉ ተቀይሮ ሜዳ ገባ ማለታችሁ ነው፤ እናትህ «ልጄ አዳማ ገባ» ስትል ግን ልጇ በሰላም ደርሷል። በአማርኛ ከተማ ለመግባት «ወደ» አያስፈልግምና ሁለቱ አረፍተ ነገሮች ቁርጥ አንድ ናቸው። እንዲህ ላለው አንድ መድኃኒት ብቻ ነው ያለው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠራው ሙሉ ስሙን ጻፍ፣ ከዚያ በኋላ ብታሳጥር ችግር የለም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ላጥራ። በኦሪት ዘፍጥረት 10፥19 እና 14፥2 ከሰዶምና ገሞራ ጋር የምትጠራ «አዳማ» የምትባል ከተማ አለች። ይህን ይዘው ከኛ ከተማ ጋር የሚያያይዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ግንኙነት የላቸውም። የኛ አዳማ ስሟ የኦሮምኛ ነው። «አዳሚ» ከሚለው የቁልቋል ዛፍ ስም እንደመጣ ይነገራል። በአነባበብ ተገጣጠሙ እንጂ ዘመድ አይደሉም። ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደው ሌላው ስሟ ነው፤ ናዝሬት። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በገሊላዋ ናዝሬት ስም ተጠራች፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ በይፋ ወደ አዳማ ተመለሰች። እስከ ዛሬ «ናዝሬት» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ፤ ልጅነታቸው በዚያ ስም ነው ያለፈውና አልፈርድባቸውም። ግን «ናዝሬት ተማረች» ሲሉህ ጠይቅ። አዲስ አበባ ናዝሬት የሚባል የሴቶች ትምህርት ቤት አለና እዚያ የተማረች ልትሆን ትችላለች። ናዝሬት የሚባሉ ሴቶችም ሞልተዋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ተማሪዋ ራሷ ናዝሬት ናት።

በመጨረሻ ታፔላህ። አዎ፣ ልዩነት አለው።

«የአዳማ ፀጉር ቤት» ማለት አዳማ ውስጥ ያለ ፀጉር ቤት ማለት ነው፤ የትኛውም ሊሆን ይችላል፣ የጎረቤትህም ጭምር። «አዳማ ፀጉር ቤት» ግን ስም ነው። «የ» ስትገባ ስሙን ፈትታ ተራ ገለጻ ታደርገዋለች። «ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ» አንድ ተቋም ነው፤ «የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ» ሲባል ግን ስሙም ሊሆን ይችላል፣ ሐዋሳ ያለ ማንኛውም ዩኒቨርሲቲም ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ይበልጥ ይታያል። «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» አንድ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ብዙ ናቸው።

እርግጥ «የ»ን ማስቀረት የማይቻልበት ቦታም አለ። «የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ» ስትል «የ»ዋ የመጣችው ተማሪው የዩኒቨርሲቲው ስለሆነ ነው፣ የስሙ አካል ሆና አይደለም። ሁለት «የ» ደግሞ በአማርኛ ተደርበው አይቆሙም፤ አንዷ ትዋጣለች። ስለዚህ በንግግር ላይ አንዳንዴ መምታታቱ አይቀርም። ታፔላ ላይ ግን ሌላ ቃል ስለማይከተል ሰበብ የለም።

ስለዚህ ለሠዓሊው ንገረው። «የ»ዋን ብቻ ያጥፋትና ፊደሎቹን ወደ መሐል ያስጠጋቸው፤ የቀረው ደህና ነው።