የእንፋሎት ባቡር ሥዕል እንጀራ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የ21 ዓመት ተማሪ ነኝ። ኮሌጅ ውስጥ ግራፊክ ዲዛይን ሁለተኛ ዓመት ላይ እገኛለሁ። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ካስ የሚባል ቦታ ሄጄ ጥንታዊውን የግንድ ማመላለሻ የእንፋሎት ባቡር ካየሁ ወዲህ ሌላ ነገር መሳል አልሆነልኝም፤ እስካሁን 14 የዘይት ቀለም ሥዕሎች ሠርቻለሁ። እናቴ ትምህርቱን ትተህ ነርሲንግ ግባ ትለኛለች። በዚህ ሙያ መኖር ይቻላል? የአንዱን ሥዕል ፎቶ አያይዣለሁ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወደ ገቢው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት ስለ ላኩት ሥዕል ልናገር፤ መልሱ ከዚያ ይጀምራልና። የሣሉት ሼይ የሚባለውን ሎኮሞቲቭ (ባቡሩን የሚጎትተውን ማሽን) ሲሆን ሦስቱን ቁም ሲሊንደሮች፣ ማለትም እንፋሎቱ ፒስተን የሚገፋባቸውን ቱቦዎች፣ ያደረጓቸው በግራ ጎኑ ነው። ካስ ባሉት ሼዮች ላይ ግን ሲሊንደሮቹም ሆኑ ከሥራቸው የሚሽከረከረው ረጅም ዘንግ የሚገኙት በቀኝ በኩል ነው፤ ውኃው የሚፈላበት ቦይለርም ክብደቱ እንዲመጣጠን ከመሐል ወደ ግራ ፈቀቅ ብሎ ተቀምጧል። ምናልባት ግራና ቀኙ የተገለበጠ ፎቶ እያዩ ሠርተው፣ ካቢናው ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አቃንተውት ይሆናል። መንገደኛ ቢያየው ምንም አይለውም። ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ፣ የሙዚየም በጎ ፈቃደኛ ወይም አያቱ እንጨት ቆራጭ የነበሩ ሰው ስለሆነ፣ ከሰማዩና ከዛፉ በፊት የሚያየው ሲሊንደሩን ነው።

ስለዚህ በዚህ ሙያ ውስጥ ማሽኑን ማወቅ የሥዕሉ ግማሽ ነው። ተራው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ትልልቅ ጎማዎቹን በብረት ክንዶች እየገፋ ስለሚሄድ፣ በችኮላ በተነጠፈና ዳገት በበዛበት የጫካ ሐዲድ ላይ ይንሸራተት ነበር። የሚሺጋኑ እንጨት ነጋዴ ኤፍሬም ሼይ እ.ኤ.አ. በ1881 የፈጠራ መብት ያገኘበት ማሽን ኃይሉን በዘንግና በማርሽ ለጎማዎቹ ሁሉ ያከፋፍላል። በካስ መስመር ላይ በየ100 ሜትሩ እስከ 11 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት የሚወጣው በዚህ ዘዴ ነው። ማሽኑ ጉልበታም እንጂ ፈጣን ስላልሆነ፣ በሥዕልዎ ላይ ነፋስ እየሰነጠቀ የሚበር ማስመሰልዎ አይስማማውም። ጭሱንም ቢያሳሱት መልካም ነው፤ በደንብ የተያዘ የከሰል እሳት ግራጫ ጭስ ያወጣል፣ ድፍን ጥቁር ጭስ ደግሞ ከሰሉ በቅጡ ሳይቃጠል እየባከነ መሆኑን ያሳያል። (ፎቶ አንሺዎች ጥቁሩን ይወዱታል፤ ያ የእነሱ ጉዳይ ነው።)

ወደ እንጀራው ስንመጣ፣ ቀድሞ የባቡር ሥዕል ጠያቂዎች ኩባንያዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ግሪፍ ቴለር እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ ለፔንሲልቬኒያ የባቡር ኩባንያ የቀን መቁጠሪያ ሲሥል ኖሯል፤ ሃዋርድ ፎግም ከጦር አውሮፕላን አብራሪነት ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካን ሎኮሞቲቭ ኩባንያ ሠዓሊነት ከተቀጠረ በኋላ ከአንድ ሺህ በላይ ሥዕሎችን ሠርቷል። ያ ዓይነቱ ቅጥር ዛሬ የለም ብለው ቢነሡ ይሻላል። የቀረው በትእዛዝ የሚሠራ ሥዕል፣ የኅትመት ቅጂ ሽያጭ፣ የባቡር ታሪክ ማኅበራት መጽሔቶች፣ እንዲሁም የሙዚየም ማሳያዎችና ገላጭ ሥዕሎች ናቸው። ለእርስዎ በር የሚከፍተው የመጨረሻው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሙዚየም የሚፈልገው መሳልንም፣ ጽሑፍና ሥዕልን በአንድ ገጽ ማቀናጀትንም የሚችል ሰው ስለሆነ፣ ግራፊክ ዲዛይኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ስለዚህ ትምህርቱን አያቋርጡ። ለእናትዎም የሚነግሯቸው ይህንኑ ነው፦ የሚመረቁት በዲዛይን ነው፣ ባቡሩ የእርስዎ ልዩ መስክ ይሆናል፣ ሥዕሉ ብቻውን ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቤት ኪራይ አይከፍልም።

የሚኖሩበት አካባቢ ለዚህ ጥናት የተመቸ ነው። ባልቲሞር የሚገኘው የቢ ኤንድ ኦ (የባልቲሞርና ኦሃዮ) የባቡር ሙዚየም ውስጥ ከሎኮሞቲቮቹ አጠገብ ቆመው በእርሳስ መንደፍ ይችላሉ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የአሜሪካ ታሪካዊ የምሕንድስና ቅርሶች መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሠራቸውን በልክ የተነሡ ንድፎችና ፎቶግራፎች በድረ ገጹ ላይ በነጻ ያቀርባል። የሌላ ሰው ፎቶ እያዩ ሥለው ከመሸጥና በቅጂ መብት ከመከሰስ ይህ እጅግ ይሻላል። የኩባንያ አርማም የተመዘገበ የንግድ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ሥዕሉን በኩባያና በካናቴራ ላይ አትመው ከመሸጥዎ በፊት ይጠይቁ።

አንድ ቀን በሜትሮ ዋሽንግተን ወርደው፣ መግቢያ በማይከፈልበት ብሔራዊ የሥዕል ጋለሪ ውስጥ ጆርጅ ኢነስ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ አጋማሽ የሣለውን «የላካዋና ሸለቆ» የተባለ ሥዕል ይዩ። ያሠራው የባቡር ኩባንያ ነው፤ ሆኖም ከባቡሩ ፊት ለፊት ያለው መስክ በተቆረጡ ዛፎች ጉቶ የተሞላ ነው። በእርስዎ ሥዕል ላይ ግን ግንድ የጫኑ ፉርጎዎች በድፍን አረንጓዴ ጫካ መሐል ያልፋሉ። ግንዱ ከየት መጣ? የካስ ተራሮች በዚያ ዘመን በሰፊው ተመንጥረው ነበር፤ ዛሬ ጎብኚ የሚያየው ደን በኋላ ያገገመው ነው። ዛሬ የሚያዩትን ጫካ ከድሮው ጭነት ጋር አንድ ሸራ ላይ ማዋል የሁለት ዘመን ቅይጥ ይሆናል።

ለጊዜው ከ14ቱ ሥዕሎች ለማንም የሚታይ ነገር አይላኩ። ካስ ተመልሰው ከቀኝ ጎኑ ቆመው ይንደፉ፤ ማሽኑን ለሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ንድፉን አሳይተው የተሳሳተውን እንዲነግሩዎት ይጠይቁ። ከዚያ አምስት ወይም ስድስት የታረሙ ሥራዎችን መርጠው ለአንድ ሙዚየም የማሳያ ክፍል የልምምድ ማመልከቻ ያስገቡ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ሲመጣ የሎኮሞቲቩን ቁጥርና የሚሣልበትን ዓመት በውሉ ላይ ያስጽፉ፣ ግማሹንም ክፍያ በቅድሚያ ይቀበሉ፤ ከደንበኛ ጋር ጭቅጭቅ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ «ያኔ ቀለሙ እንዲህ አልነበረም» በሚል ነውና።